ኮምቦልቻ ውዳቂ ብረት ግቢ ውስጥ የባቡር ሐዲድ አገኘሁ፤ የጡረተኞቹ ሎኮሞቲቮች ወዳጆች እስቲ ኑ

ቶርኖ ቤት (ኮምቦልቻ) ፦ እሑድ ማታ

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። እዚህ የውይይት ገጽ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሙያዬ ቶርኖ ነው፣ ብረት በማሽን እያሽከረከሩ መላጥ ማለቴ ነው፤ የምሠራውም የምኖረውም ኮምቦልቻ ነው።

ትናንት ለአንድ የወፍጮ ቤት ደንበኛዬ ዘንግ የሚሆን ጠንካራ ብረት ልፈልግ ወደ አንድ ውዳቂ ብረት ግቢ ገባሁ። ግቢው የምታውቁት ዓይነት ነው። ባሌስትራው በአንድ በኩል፣ የተቃጠለ መኪና ሻንሲ በሌላ በኩል፣ የበርሜልና የአልጋ ብረት ክምር፣ መሀል ላይ ሚዛን። ከአንድ የኤን ትሬ ካምቢዮ ሥር ጫፉ ብቻ ብቅ ያለ ነገር አየሁና ጎተትኩት። ሐዲድ! በኦክስጅን የተቆረጠ፣ ከክንድ የሚረዝም፣ ራሱም ወገቡም እግሩም የተሟላ። ወገቡ ላይ ከብረቱ ጋር አብሮ የወጣ ጽሕፈት አለው፤ ዝገቱ በልቶት "1" እና "9" ብቻ ይነበባሉ።

ለምን ልቤ እንደዚያ እንደመታ ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለሥራ ድሬዳዋ ሄጄ የድሮውን የምድር ባቡር ጥገና ቤት የማየት ዕድል አግኝቼ ነበር። ከአንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎዎቹን ከሚጎትተው የባቡር ሞተር፣ አጠገብ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። አብረውኝ የነበሩት ፎቶ ተነሥተው ሲሄዱ እኔ መውጫ ደረጃውን አይ ነበር። ብረቱ መሀሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። ያን ያደረገው ጫማ ነው። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ መካኒኩ ስንት ዓመት ያችን አንዲት ቦታ እየረገጡ ወጥተዋል። ከደረጃው በላይ ያለው መያዣም እንደዚያው ነው፤ የሌላው ቀለም ተላልጦ ሲዝግ እሱ በእጅ ብዛት ተወልውሎ ለስልሷል። ጎኑ ላይ ሦስት ጊዜ የተጠገነ አንድ ስንጥቅ ነበር። አንደኛው ብየዳ የተረጋጋ እጅ ሥራ ነው። ሁለተኛው ላዩ ላይ በጥድፊያ የተደረበ፣ ምናልባት ባቡሩ መነሻ ሰዓቱ ደርሶ። ሦስተኛው የቀደመውን ሁሉ ሞርዶ ከሥሩ የጀመረ ሰው ሥራ። እኔ ብየዳ ሳይ ሰው ነው የሚታየኝ። የሠሩት ሰዎች ስም የትም አልተጻፈም፤ ብረቱ ላይ ግን አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቆመ ሎኮሞቲቭ ፎቶ ባየሁ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ይህ ሐዲድ ከየት ሊመጣ ይችላል? እናንተስ እነዚያን ያረጁ ሞተሮች በቅርብ ያያችሁ፣ ምን አያችሁ?

ፒያሳ ልጅ (ደሴ) ፦ እሑድ ማታ

ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቅህ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም፤ እናትና አባቴም አያውቁም። ወሎ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ስንት ይሆናል? የማይሄድ ሞተር ላይ እንዲህ ልብ የሚንጠለጠለው ለምንድን ነው? ዛሬ ሦስተኛ ሰው ነው እንዲህ ሲጽፍ ያየሁት፤ ሊገባኝ ስለፈለግሁ ነው።

ባለሚዛን (ኮምቦልቻ) ፦ እሑድ ሌሊት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በዚሁ ሥራ ነው የምተዳደረው፤ ውዳቂ ብረት እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ቶርኖ ቤት የገባህበት ግቢ የማን እንደሆነ በአገላለጽህ አውቄዋለሁ፤ የኔ አይደለም፤ ባለቤቱ ሐጂ ደግ ሰው ናቸው። ለጊዜው እንዳይሸጡት ንገራቸው፤ ይሰሙሃል።

ስለ ሥራችን አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ከትልቅ ማሽን መጀመሪያ የሚጠፋው መዳቡ ነው። ቀጥሎ ነሐሱ፣ ኩሽኔታው፣ የስም ሰሌዳው። ብረቱ መጨረሻ ነው የሚነካው፤ ኪሎው ርካሽ ነው፣ ጭነቱ ከባድ ነው፣ መቁረጫው ኦክስጅን ውድ ነው። ስለዚህ አንድ ሎኮሞቲቭ ግቢ ውስጥ ቆሞ ብታዩት ሙሉ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ ሆዱ ግን ባዶ ነው። ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ ማቅለጫ ይገባል፤ ፌሮ ሆኖ ይወጣል፤ ፎቅ ይሠራበታል። እኔ በዚህ አላፍርም፤ ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ግን እናንተ የምትሉት ዓይነት ዕቃ እጄ ገብቶ አልፎ እንደሆነ ዛሬ ሳስበው ከፋኝ። ማን ነግሮኝ!

የሸመንደፈር ልጅ (ድሬዳዋ) ፦ ሰኞ ጠዋት

አቦ ቶርኖ! ደረጃዋን አየኋት ያልከው ነገር አስለቀሰኝ፣ ወላሂ። አባቴ በዚያች ደረጃ ወጥቶ ወርዶ ነው ጡረታ የወጣው። መካኒክ ነበር። ቤታችን ውስጥ የመሣሪያ ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው የሚጠራው፤ እኔ መፍቻ ማለት የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው።

አሁን በድሬዳዋው ጥገና ቤት ግቢ ያሉት አብዛኞቹ ናፍጣ ናቸው፤ የፈረንሳዩ አልስቶም ሥራ። ሊትሪናዎቹም አሉ፤ ሞተሩ ከራሱ ጋር የሆነ፣ ብቻውን የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር፣ ከፊያት የመጣ። የናፍጣውን ሎኮሞቲቭ ሰው እንደ ትልቅ መኪና ያስበዋል፤ አይደለም። ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አያዞርም። ጄኔሬተር ነው የሚያዞረው፤ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው መብራት በገመድ ወርዶ አክሱ ላይ የተቀመጡትን ሞተሮች ያዞራል። ባለሚዛን መዳብ ያልከው ታዲያ እሱ ነው። እነዚያ ሞተሮችና ገመዶች መዳባቸው ከወጣ ሎኮሞቲቩ ዳግመኛ በራሱ ጉልበት አንድ እርምጃ አይሄድም። አባቴ "ደሟን ቀዱት" ይል ነበር።

እና ከየት ወደየት ይወጣ እንደነበር አስቡት። ከጅቡቲ፣ ከባሕሩ ጠርዝ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። 784 ኪሎ ሜትር። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጭነቱ ግን አይቀንስም። ያን ሞተር ለዚያ ዳገት አስተካክለው ያኖሩት ድሬዳዋ ላይ ያሉ እጆች ናቸው። መለዋወጫ አልመጣም ሲባል ራሳቸው ይሠሩት ነበር፤ ቶርኖው፣ ማቅለጫው፣ መቀጥቀጫው ሁሉም እዚያው ነው።

ስለ ሐዲድህ፦ የኛ መስመር ሐዲድ የሚያርፈው እንጨት ላይ አይደለም። ምስጥ ስለሚበላው ትራቬርሱ፣ ሐዲዱ የሚተኛበት አግዳሚ ማለቴ ነው፣ ብረት ነው። ተገልብጦ የተደፋ ገንዳ ይመስላል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች የታጠፉ፤ ጀርባው ላይ የቡሎን ቀዳዳ አለው። ከሐዲድ ጋር አብሮ ብዙ ተሸጧል። ግቢው ውስጥ ፈልገው አንተ!

ጋሼ ሀረጎ (ደሴ) ፦ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ፒያሳ ልጅ፣ ጥያቄህ የሚያስቀይም አይደለም ልጄ። የመምህርነት ዘመኔን እዚሁ ደሴ ነው የጨረስኩት፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ልጅ ሆኜ በገጠራችን "ባቡር" ማለት ወፍጮ ነበር። እናቴ እህል አሸክማ "ባቡር ቤት ሂድ" ትለኛለች። የመኪናው መንገድ ደግሞ "የባቡር መንገድ" ነበር የሚባለው። ጭስ እያወጣ ኃይል የሚሰጥ ነገር ሁሉ ባቡር ነው። ስለዚህ ባቡር ወሎ አልገባም አትበል፤ ስሙ ከሐዲዱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ገብቷል። ሕዝብ አንድን ነገር ሳያየው ስሙን ለወፍጮው የሚያወርሰው ምን ያህል ቢደነቅበት ነው?

ታሪኩም የትዕግሥት ታሪክ ነው። አጼ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከጅቡቲ ሥራው በ1897 ተጀመረ፤ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። እዚያ ላይ ገንዘብ አለቀ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን ደግሞ ሐዲዱ የማን ጥቅም ይሁን እያሉ ይሻኮቱ ነበር። ዓመታት ቆሞ፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ፣ እንደገና ተጀምሮ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ምኒልክ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ድሬዳዋ ከተማ ራሷ የተወለደችው ባቡሩ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላልቻለ እታች ሜዳው ላይ ስለቆመ ነው። የእኛ ነገርም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ ሀረጎን በመኪና የወጣ ያውቀዋል። አዲሱም ሐዲድ ደሴን እላይ ትቶ ኮምቦልቻ ነው ያረፈው።

የቆመ ሞተር ለምን ይወደዳል ላልከው፣ እኔ የምወድበትን ብቻ ልንገርህ። የሚሄድ ባቡር ስታይ የምታየው ፍጥነቱን ነው፤ ያልፍሃል። የቆመውን ግን ዞረህ ታየዋለህ፣ ትዳስሰዋለህ፣ ሥሩ ገብተህ ቀና ትላለህ። ቶርኖ ቤት ያየው ደረጃ ባቡሩ በሚሄድበት ዘመን ማንም አላየውም።

ቶርኖ ቤት (ኮምቦልቻ) ፦ ሰኞ ማታ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ በገለጹት ላይ አንድ ነገር ከሙያዬ ልጨምር፤ ፒያሳ ልጅም ይስማኝ።

የባቡር ጎማ ጠፍጣፋ የሚመስለው ብዙ ነው። ካሊብሮ ይዘህ ብትለካው ግን ሾጣጣ ነው፤ ወደ ውስጥ በኩል ሰፋ፣ ወደ ውጭ ጠበብ ይላል። ሁለቱ ጎማዎች አንድ አክስ ላይ ጠብቀው የገቡ ናቸው፤ እንደ መኪና ዲፈረንሻል የላቸውም። ታዲያ ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ብዙ መንገድ፣ የውስጡ ትንሽ መንገድ መሄድ አለበት፤ እንዴት ይሆናል? ባቡሩ ትንሽ ወደ ውጭ ይገፋና የውጭው ጎማ በሰፊው ወገቡ፣ የውስጡ በጠባቡ ይሽከረከራል። አለቀ። ሦስት ዲግሪ ለማይሞላ ሽንጥ፣ የጎማው ገጽ መሾጠጥ ማለቴ ነው፣ ነው ይህ ሁሉ ብልሃት። ያ ሽንጥ በሥራ ብዛት ሲበላና ሲጎደጉድ ጎማው ተፈትቶ ትልቅ ቶርኖ ላይ ይወጣል፤ እንደገና ይላጣል። በተላጠ ቁጥር ይቀጥናል። ልኩን ሲያልፍ ይጣላል።

ድሬዳዋ ያየሁት ሎኮሞቲቭ ጎማው ልኩ ጫፍ ላይ ነበር። ስንት ጊዜ እንደተላጠ አስቡት! እኔ በቀን ስንት ዘንግ የምልጥ ሰው ነኝ፤ ቢላው ትቶት የሄደውን ቀጭን መስመር ዝገቱ ውስጥ ሳየው የሠራተኛው ጎን የቆምኩ መሰለኝ።

አሁን ስለ ሐዲዱ። ዛሬ ከሥራ በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ሐጂ ባለሚዛን እንዳለው ደግ ናቸው። "አብሽር፣ ማንም አይነካብህም" አሉኝ። ሚዛናቸው ላይ አወጣሁት፦ ርዝመቱ 72 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 17.6 ኪሎ። ሲካፈል በሜትር ከ24 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ዝገቱና የተበላው ሲታሰብ ሲወለድ 25 ኪሎ ገደማ ነበር ማለት ነው። ላምባ አርከፍክፌ በሽቦ ብሩሽ ባሸውም ከ"1" እና "9" ሌላ አልወጣም።

ዋሻው (ኮምቦልቻ) ፦ ሰኞ ሌሊት

እኔ የአዋሽ ወልድያ ሐዲድ ሲሠራ ኮምቦልቻ ዙሪያ ዋሻ ውስጥ የሠራሁ ነኝ። በክብደቱ ብቻ አንድ ነገር ልቁረጥልህ፤ የኛ አይደለም። የዘመኑ ዋና መስመር ሐዲድ በሜትር 50 ወይም 60 ኪሎ ነው፤ አንተ ያገኘኸውን እጥፍ። ለድንጋይ ማውጫና ለመንገድ ሥራ በጊዜያዊነት የሚዘረጋው የጋሪ ሐዲድም አይደለም፤ እሱ በጣም ቀጭን ነው፤ በአንድ እጅ ታነሣዋለህ።

ሌላ ምልክት ደግሞ ራሱን እየው። ባቡር የሄደበት ሐዲድ አናቱ ጠፍጥፎ ጠንክሮ ለስላሳ ይሆናል። አንደኛው ጎኑ ብቻ ተበልቶ እንደሆነ ከኩርባ ላይ የተነሣ ነው፤ የውጭው ሐዲድ። የጎማው ጠርዝ ሲታጠፍ እሱን ነው የሚፍቀው።

ግን አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። እኔ ልቤ ያለው አዲሱ ላይ ነው። 392 ኪሎ ሜትር ነው፤ 270 ከአዋሽ ኮምቦልቻ፣ 122 ከኮምቦልቻ ሐራ ገበያ። በናፍጣ ሳይሆን በመብራት የሚሄድ፣ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር። የመሠረት ድንጋዩ በ2007 ዓ.ም. ሲቀመጥ ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ሠራተኛ ሆኜ ገባሁበት። መብራት ሲጠበቅ፣ ከዚያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐዲድ ባቡር ሲሄድበት አናቱ ያበራል፤ ካልሄደበት ቡናማ ሆኖ ይቀራል። የኛን ሐዲድ አናት ቡናማ ሆኖ ሳየው የሚሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። ለሞተው ታለቅሳላችሁ፤ ላልተወለደው ማን ያልቅስለት?

የሸመንደፈር ልጅ (ድሬዳዋ) ፦ ማክሰኞ ጠዋት

ዋሻው ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ አንተም አልቅስ፣ እኛም እናልቅስ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የናንተ ሐዲድ አዋሽ ላይ የሚገናኘው ከኛው መስመር ልጅ ጋር ነው፤ ከአዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር። ያ መስመር በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ አባቴ በቴሌቪዥን እያየ ነበር። "ስፋቱ ሌላ ነው፤ የኔዎቹ አይሄዱበትም" አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ቆሞ አጨበጨበ። የድሮው አንድ ሜትር ነው፤ አዲሱ 1,435። ሎኮሞቲቮቹን የገደላቸው እርጅና ብቻ አይደለም፤ ልካቸው የሚሆን መንገድ አጡ።

አዋሽ ካልክ ግን ሌላም ነገር ይመጣብኛል። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ ድልድይ ኩርባው ላይ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ፉርጎዎቹ ገደል ወደቁ። ከ400 ሰው በላይ አለቀ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከባዱ አደጋ ይባላል። ቤታችን ውስጥ የዚያ ቀን ስም አይነሣም። ቶርኖ፣ ጎማ እንዴት እንደሚታጠፍ ስትጽፍ ይህ ትዝ አለኝ። ሽንጡ የሚሠራው በልክ ሲኬድ ነው።

ፒያሳ ልጅ (ደሴ) ፦ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

አሁን የገባኝ መሰለኝ። ዛሬ ካፌ ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ቡና የምታፈላው እኅታችን ሳትቀር ሲኒ ይዛ ቆማ ሰማች። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ እነዚህ ሞተሮች ተቆርጠው ጠፍተው እንዳይቀሩ ምን ማድረግ ይቻላል? በአገር ደረጃ ሳይሆን እኔና አንተ?

ጋሼ ሀረጎ (ደሴ) ፦ ማክሰኞ ማታ

ልጄ፣ በ2014 ዓ.ም. ደሴ ሙዚየማችን ሲዘረፍ የደረሰብንን ታውቃለህ። እኔ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ገብቶኛል። ፎቶና ቁጥር ያለው ዕቃ ቢጠፋ እንኳ የሚፈለግበት መልክ አለው። ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ግን ነበር ብሎ ለመናገርም አፍ ያሳጣል።

ምን ሊደረግ እንደሚችል ጎረቤት ያሳየናል። የምጽዋ አስመራ ባቡር በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ተወስዶ ነበር። ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ። ሐዲዱን ከየምሽጉ እየለቀሙ መልሰው ዘረጉት፤ ጣሊያን ውስጥ በአንሳልዶ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠሩትን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በገዛ እጃቸው አስነሡ። እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሩ አስመራ ገባ፤ 118 ኪሎ ሜትር ዳገት። ያን የሠሩት ሽማግሌዎቹ ሥራውን በእጃቸው ስለሚያውቁት ነው። የእኛዎቹም አዛውንቶች ድሬዳዋ አሉ፤ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። አንቺ የሸመንደፈር ልጅ፣ አባትሽ በሕይወት ካሉ አስቀምጠሽ አስወሪያቸው። ስልክሽን ከፍተሽ ድምፃቸውን ቅጂ።

ደግሞም ቶርኖ ቤት፣ ምሽግ ካልኩ አይቀር፦ ያንተ ሐዲድ ከዚያ ወገንም ሊመጣ ይችል ነበር። ወታደር መኪና ብዙ ነገር ይዞ በዚህ በኩል አልፏል። የኤርትራው መስመር ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የጅቡቲው አንድ ሜትር። ስፋቱን የምታውቅበት መንገድ ከተገኘ ይለያል።

የሸመንደፈር ልጅ (ድሬዳዋ) ፦ ማክሰኞ ሌሊት

አባቴ አልፏል ጋሼ። ግን ሁለት ጓደኞቹ ሰፈራችን አሉ። ነገ ጫት ሰዓት እሄዳለሁ፤ ስልኬን ከፍቼ።

ባለሚዛን (ኮምቦልቻ) ፦ ረቡዕ ጠዋት

እኔም የምችለውን ልበል። ከዛሬ ጀምሮ ግቢዬ ቁጥር ወይም ጽሕፈት ያለበት ትልቅ ብረት ሲገባ ሳይቆረጥ ፎቶ አነሣለሁ፤ እዚህ እለጥፋለሁ። ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ ገንዘቤ አይፈቅድልኝም። የስም ሰሌዳ ከሆነ ግን ለማቅለጫ አልሰጥም፤ በገዛሁበት ዋጋ ለሚይዘው እሰጣለሁ። ሌሎች ነጋዴዎችንም እነግራለሁ።

ቶርኖ ቤት (ኮምቦልቻ) ፦ ሐሙስ ማታ

ወገኖች፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ዛሬ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ትራቬርስ ፍለጋ ግቢውን ዞርኩት። ክምሩን ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ የለም። ተስፋ ቆርጬ ወደ በሩ ስመለስ የሐጂ ዘበኛ በጎቹን ውሃ እያጠጣ ነበር። በጎቹ የሚጠጡበት ገንዳ ረጅም የብረት ገንዳ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ የታጠፉ። ቆምኩ። "አባቴ፣ ይህ ገንዳ ከየት መጣ?" አልኩት። "እኔ ስመጣም እዚሁ ነበር፤ ቀዳዳውን በሲሚንቶ የደፈንኩት እኔ ነኝ" አለኝ። ቀዳዳ! ጎንበስ ብዬ ሆዱን በእጄ ዳሰስኩት፤ በሁለቱም በኩል በሲሚንቶ የተደፈኑ ቀዳዳዎች።

ሐጂን ጠራሁ። በጎቹ እስኪጠጡ ጠበቅን። ውሃው ተደፋ፣ ገንዳው ተገለበጠ፣ ሲሚንቶውን በመዶሻ አረገፍኩት። የሸመንደፈር ልጅ፣ ልክ እንዳልሽው ነው እህቴ፤ ተገልብጦ የተደፋ ገንዳ።

ስፋቱን ለመለካት ግን ሁለት ሐዲድ ያስፈልጋል፤ እኔ ያለኝ አንድ ነው። ይህን ስል ሐጂ "ሌላኛውን ቁራጭ'ኮ ለቀጥቃጩ ሸጬዋለሁ" አሉ። አንድ ሆነው ነው የመጡት! ወደ ቀጥቃጩ ሮጥኩ። ማረሻ የሚቀጠቅጥበት መስፍ አድርጎታል፤ አናቱ በመዶሻ አብረቅርቋል። ነገሩን ስነግረው እሳቱን ለልጁ ትቶ፣ ሐዲዱን ትከሻው ላይ አድርጎ አብሮኝ መጣ። ለአንድ ሰዓት ብቻ አለ።

ሁለቱን ቁራጮች ትራቬርሱ ላይ አስቀመጥናቸው። እግራቸው ዝገቱ ላይ የቀረው የድሮ መቀመጫቸው ምልክት ውስጥ ገባ። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ላይ የቡሎን ራስ ተሰብሮ ቀርቷል፤ እሱን ተጠግቶ ተቀመጠ። ዋሻው፣ ያልከውን ምልክትም አየሁ፤ የኔኛው ሐዲድ አንደኛው የራሱ ጎን ከሌላው በ6 ሚሊ ያንሳል። ከኩርባ ላይ ነው የመጣው፤ የተበላውን ጎን ወደ ውስጥ አዞርኩት።

ሜትሩን ሐጂ በአንድ በኩል ያዙልኝ፤ ቀጥቃጩ ስልኩን አብርቶ ቆመ። ከራስ እስከ ራስ፣ ከውስጥ ገጽ እስከ ውስጥ ገጽ። አንድ ሜትር ከአሥራ አንድ ሚሊ። የተበላው ስድስት ሚሊ እዚያ ውስጥ አለ፤ የቀረው የመቀመጫው ልል ነው። እንደገና ለካሁ። ያው ነው።

የሸመንደፈር ልጅ (ድሬዳዋ) ፦ ሐሙስ ማታ

አንድ ሜትር!! የኛ ናት። ወላሂ የኛ ናት። ለአባቴ ጓደኞች አሁኑኑ ደወልኩ፤ አንደኛው "ከየትኛው ኩርባ ይሆን?" ብሎ ዝም አለ። ኩርባዎቹን በኪሎ ሜትር ቁጥር እየጠራ ሲቆጥርልኝ ሁሉንም ቀድቼዋለሁ።

ዋሻው (ኮምቦልቻ) ፦ ሐሙስ ሌሊት

ቶርኖ፣ ቅዳሜ ግቢው ክፍት ነው? ላየው እፈልጋለሁ። የአዲሱን ሐዲድ መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ጎን ለጎን እናስቀምጠው።

ቶርኖ ቤት (ኮምቦልቻ) ፦ ሐሙስ ሌሊት

ክፍት ነው፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ። ቀጥቃጩ የሱን ቁራጭ እንዲተውልን በለውጡ ሌላ መስፍ የሚሆን ብረት ቶርኖ ቤቴ ውስጥ አዘጋጅቼለታለሁ። ሐጂ ደግሞ ትራቬርሱን በኪሎ አልሸጥም ብለዋል፤ ለበጎቹ ሌላ ገንዳ ካመጣሁላቸው በነጻ ነው። ግማሽ በርሜል ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ። ፒያሳ ልጅ፣ ከደሴ የምትወርድ ከሆነ ላምባና የሽቦ ብሩሽ ይዘህ ና፤ ከ"1" እና "9" ቀጥሎ ያለውን ቁጥር በሁለት እጅ እንሞክረው።